የግልባጭ ትርፍ

በቻይና የእጅ ጽሕፈት ታሪክ ከዋንግ ሺዥ የላንቲንግ መቅድም በላይ የተወደሰ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል። ዋንግ ሺዥ እ.ኤ.አ. በ353 (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከወዳጆቹ ጋር በአንድ ጅረት ዳር ተሰብስበው ወይን እየጠጡ ግጥም ሲገጥሙ ዋሉ፤ እሱም ለግጥሞቹ መግቢያ የሚሆን 28 መስመር ጻፈ። ሦስት መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ የታንግ ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ ጽሑፉን እጅግ ስለወደደው በቤተ መንግሥቱ ባለሙያዎች አስገለበጠው፤ በ649 ሲሞት ደግሞ ዋናው አብሮት መቃብር ወረደ ይባላል። ዛሬ በቤጂንግ ቤተ መዘክር የሚገኘው፣ ከሁሉ የታወቀው ጽሑፍ የታንግ ዘመን ግልባጭ ነው። ብሩሽ ያነሣ ቻይናዊ ሁሉ የተለማመደበትን፣ ሊቃውንት ስለ ውበቱ ሲከራከሩበት የኖሩትን ሥራ ከዚያ ወዲህ በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ግልባጩን ቀረብ ብሎ ለሚመለከተው ግን የሚያስደንቀው ሌላ ነገር ነው። ዋንግ ሺዥ ሲጽፍ እንደማንኛውም ሰው ተሳስቶ ነበር፤ አንዱን ሰርዟል፣ በሌላው ላይ ደርቦ ጽፏል፣ የዘለለውን ከመስመሩ ጎን አስገብቷል። ገልባጩ የተሰረዘውን ሰርዞ፣ የተደረበውን ደርቦ ገለበጠ። እሱ አልተሳሳተምና ስርዙ ምንም አያደርግለትም ነበር፤ አጥርቶ መጻፍም ይችል ነበር።

የጥንቱን ዘመን ጥበብ የምናጠናበት ልማድ ለእንዲህ ያለው ሥራ አይመችም። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የተደላደለው የጥበብ ታሪክ ጥናት አንድ ሥራ ሲያገኝ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ማን ሠራው፣ መቼ ሠራው። ጥያቄዎቹ ክፉ አይደሉም። የቤተ መዘክር መዝገብ ያለ እነሱ አይሞላም፤ ገበያውም ያለ እነሱ ዋጋ መቁረጥ አይችልም (ገበያው በዚህ ልማድ ላይ ከመዝገቡ ያነሰ ጉልበት ነበረው ብዬ አላምንም)። ችግሩ ጥያቄዎቹ ይዘውት የሚመጡት ደረጃ ነው። ሁለቱን የሚመልስ ሥራ ከፊት ይቀመጣል፤ ግልባጩ ግን የጠፋውን ዋና ወክሎ ይቆምና ዋናው የተገኘ ዕለት ይሰናበታል። የእኔ ክርክር ከዚህ ይለያል። ከጥንት ጀምሮ እስከ 16ኛው መቶ ዘመን ድረስ በአብዛኛው ዓለም አንድ የጥበብ ሥራ ዕድሜ የሚያገኘው በመገልበጥ ነበር፤ ስለዚህ የጥናቱ ዋና ጉዳይ መሆን ያለበት የግልባጮቹ ሐረግ ራሱ ነው። ግልባጭ ይበልጥ የሚናገረውም ከዋናው ጋር ልክ በተስማማበት ቦታ አይደለም፤ ትርፍ በታየበት ቦታ ነው። ትርፉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ገልባጩ ሳያስፈልገው ያስቀረው ነው፤ የዋንግ ሺዥ ስርዞች ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው በዋናው ላይ ያልነበረ፣ አዲሱ ቁስ ወይም አዲሱ አገር ግድ ብሎ ያስጨመረው ነው።

ሁለተኛውን ዓይነት አጉልቶ የሚያሳየው የግሪክ ሐውልት ነው። የአርጎሱ ፖሊክሊቶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ440 አካባቢ ጦር የተሸከመ ወጣት ከነሐስ ሠራ። ስለ ሰው አካል ምጣኔም መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ መጽሐፉ ጠፋ፣ ነሐሱም ጠፋ። ነሐስ ምንጊዜም ተፈላጊ ነውና ትውልድ ሲለወጥ ወደ እሳት ይመለሳል፤ ሳንቲም ይሆናል፣ መሣሪያ ይሆናል። የቀረልን ሮማውያን ከእብነ በረድ ያስጠረቡት ነው፤ ከነዚህም የተሟላው ከፖምፔ ፍርስራሽ ወጥቶ በናፖሊ ቤተ መዘክር ቆሟል። ከፊት ሲያዩት ክብደቱን በቀኝ እግሩ ላይ ጥሎ ግራውን ያላላ ወጣት ነው። ዝቅ ብለው ሲያዩ ከቀኝ እግሩ ጋር የተጣበቀ የዛፍ ጉቶ አለ፤ ከእጁ አንጓ ወደ ዳሌውም አጭር የድንጋይ ድጋፍ ተዘርግቷል። ነሐሱ ሁለቱንም አያስፈልገውም ነበር። ውስጡ ክፍት ሆኖ የሚፈስስ ነሐስ ከብርታቱ የተነሣ የመላ አካሉን ሸክም በቁርጭምጭሚት ላይ ማሳረፍ ይችላል፤ እብነ በረድ ግን እዚያው ቦታ ላይ ይሰበራል። በ1893 አዶልፍ ፉርትቬንግለር ግልባጮችን እርስ በርስ እያስተያየ፣ እንዲህ ያለውን ጭማሪ እያነሣ፣ የጠፉትን የግሪክ ሊቃውንት ሥራዎች በሐሳብ ለማቆም የሞከረበትን ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። ሥራው የሚደነቅ ነው፤ ዛሬም የምንጠቀምበት ብዙ ነገር አለበት። ነገር ግን ጉቶውን አንሥቶ ከጣለ በኋላ ጉቶውን የጠረበው ሰው ምን ያስብ ነበር ብሎ አይጠይቅም። ከሄርኩላኔም የአንድ ባለጸጋ ቤት ፍርስራሽ በ18ኛው መቶ ዘመን የተገኘ የነሐስ ራስ አለ፤ የዚያው የጦር ተሸካሚው ራስ ነው፣ ከአንገት በታች ተቆርጦ በአራት ማዕዘን ደረት ላይ የተቀመጠ። በደረቱ ላይ የአርኪያስ ልጅ፣ የአቴናው አፖሎኒዮስ እንደሠራው ተጽፏል። ፖሊክሊቶስ ከሞተ ወደ አራት መቶ ዓመት አልፎታል፤ አፖሎኒዮስ የሌላ ሰው ፈጠራ መሆኑን የሚያይ ሁሉ በሚያውቀው ሥራ ላይ ስሙን ያለ አንዳች ኀፍረት አስፍሯል። ለእሱ ራሱን ከአካሉ ለይቶ፣ ለመጻሕፍት ቤት ወይም ለአደባባይ በሚመች ደረት ላይ አኑሮ፣ እንደገና በነሐስ ማፍሰስ የሙያ ሥራ ነው፤ ፊርማም ይገባዋል። እኛ በእሱ ቦታ ሆነን የምናፍርለት፣ የእኛን ዘመን መለኪያ ስላስታጠቅነው ብቻ ነው።

የአክሱም ሐውልቶች የዚህ ግልባጭ ተገላቢጦሽ ናቸው። በ3ኛውና በ4ኛው መቶ ዘመን የቆሙት ትልልቆቹ ሐውልቶች ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ተመስለው የተጠረቡ ናቸው፤ ከሥር በር አለ፣ በሩም የመዝጊያ ቅርጽ ተቀርጾበታል፣ ከበላዩ መስኮቶች እየተደራረቡ ይወጣሉ፣ በየፎቁ መካከልም የአግዳሚ ግንዶች ጫፍ ክብ ክብ ሆኖ ወጣ ወጣ ብሏል። ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ 33 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ500 ቶን የሚበልጥ ክብደት ነበረው። በአንድ ወጥ ድንጋይ ላይ የግንድ ጫፍ ምንም አይሸከምም፣ በሩም አይከፈትም። ያ ሁሉ የጠራቢ ድካም የፈሰሰው ድንጋዩ ፈጽሞ ለማያስፈልገው ነገር ነው። ነገር ግን የአክሱም ቤተ መንግሥቶች ከመሠረታቸው በላይ ስላልተረፉልን፣ እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ የሚገነቡት እነዚያ ሰዎች ግድግዳቸውን እንዴት እንዳሰሩት የምናውቀው በዚህ ከንቱ በሚመስል ትርፍ ነው። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የእንጨቶቹ ጫፎች፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት፣ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው፤ ድንጋዩንና እንጨቱን አጣምረው ይይዛሉ። ላሊበላ ላይ ደግሞ፣ በተለይ በቤተ አማኑኤል፣ እንደገና ከዓለት ተፈልፍለው እናገኛቸዋለን፣ እንደገናም ምንም ሳይሸከሙ። እንግዲህ ከእንጨት ወደ ድንጋይ፣ ከድንጋይ ወደ ዓለት የተላለፈ አንድ ቅርጽ አለ። ከነዚህ መካከል ዋናው የቱ ነው ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ዋናው እንጨት ነበር፣ እንጨቱም በስብሷል። ከዚህ መልስ ግን ሰባት ወይም ስምንት መቶ ዓመት ያህል ይህን ቅርጽ ማን እንዳልተወውና ለምን እንዳልተወው አይገኝም። የላሊበላው ጠራቢ ግንድ አላስቀመጠም፤ ያስቀመጠው አክሱምን ነው።

መጻሕፍት ላይ ሲደረስ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል፤ ከመጻሕፍትም ለዚህ ክርክር መጽሐፈ ሔኖክን የሚያህል ምስክር የለም። መጽሐፉ በክርስትና መጀመሪያ ዘመን በብዙ አገር ይነበብ ነበር፤ የይሁዳ መልእክትም ጠቅሶታል። ከ4ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ግን የሮምም የቁስጥንጥንያም ሊቃውንት ከቅዱሳት መጻሕፍት ቁጥር ውጭ አደረጉት፤ ከዚያ በኋላ የግሪኩ ቅጂ ቀስ በቀስ ጠፋ። ሰዎች መጽሐፍ የሚጠፋው ሲቃጠል ይመስላቸዋል። ብራናም ሆነ ፓፒረስ ዕድሜ አለው፤ ዕድሜው ሳያልቅ ወደ አዲስ ገጽ ካልተሻገረ፣ ማንም እጁን ሳያነሣበት መጽሐፉ ይሞታል። በኢትዮጵያ ግን ሔኖክ ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት እንደ አንዱ ስለተቆጠረ መገልበጡ አልተቋረጠም፤ 108ቱን ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ የያዘው የግእዙ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ሲገባ፣ በዚያ ያሉ ሊቃውንት ከሺህ ዓመት በላይ በስምና በጥቂት ጥቅሶች ብቻ የሚያውቁትን መጽሐፍ አገኙ ማለት ነው። ከኛ ዘመን የደረሱት አሮጌዎቹ የግእዝ ቅጂዎች ግን ከ15ኛው መቶ ዘመን አካባቢ አይዘልቁም፤ ትርጉሙ ከተሠራበት ከአክሱም ዘመን በብዙ መቶ ዓመት ይርቃሉ። ዕድሜን ብቻ የሚለካ ሰው እንዲህ ባለ ዘግይቶ በተጻፈ ግልባጭ ላይ እንዴት እምነት ይጣላል ቢል አይፈረድበትም ነበር። ከዚያ በኋላ በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን፣ በ4ኛው ዋሻ፣ የመጽሐፉ የአራማይክ ቁርጥራጮች ተገኙ። ዮዜፍ ሚሊክ በ1976 ባሳተማቸው ጊዜ አብዛኞቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፉት እነዚህ ብጥስጣሾችና የ15ኛው መቶ ዘመን ብራና በብዙ ቦታ ጎን ለጎን ሊነበቡ የሚችሉ ሆነው ተገኙ።

የማይስማሙበት ግን ከሚስማሙበት ይልቅ ያስተምራል። በኩምራን ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል አንድም ቁራጭ አልተገኘለትም። በአንጻሩ በግእዙ የሌለ፣ ስለ ረዓይት የሚተርክ መጽሐፍ እዚያ ከሔኖክ ጽሑፎች ጋር ተገኝቷል፤ ስለ ፀሐይና ጨረቃ አካሄድ የሚናገረውም ክፍል በአራማይክ ከግእዙ የረዘመ ነው። ስለዚህ ዋናው የትኛው እንደነበር የሚጠይቅ ሰው ቁርጥራጮቹ በእጁ ሆነውም አይረካም፤ ከዚያ ያገኘው አንድ የመጻሕፍት ስብስብ በየቦታው ሌላ መልክ እየያዘ መኖሩን ነው። በግእዙ ውስጥ የቀረው ትርፍ ደግሞ ከምንም ይበልጥ ያስደንቀኛል። ሔኖክም ሆነ ኩፋሌ የዓመቱ ቀን 364 ነው ይላሉ፤ ኩፋሌማ ይህን ቁጥር የሚያፋልሱትን ይገሥጻል። ኢትዮጵያዊው ጸሐፊ ግን በዓላቱን የሚያውቀው በባሕረ ሐሳብ ነው፤ የሚጾመውና የሚፈስከው በ365 ቀን ከሩብ ዓመት ነው። ፍየል ታርዶ፣ ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ በወስፌ ተሰምሮ በደረሰለት ብራና ላይ፣ መቃ ብዕሩን ጥቁር ቀለም እያስነካ፣ እሱና አባቶቹ ያልኖሩበትን ዓመት ቁጥር በጥንቃቄ ጻፈ። 364 ያለውን 365 ለማድረግ አንድ ቃል መለወጥ ብቻ ይበቃው ነበር። ያን ቁጥር በቀን መቁጠሪያነት ይጠቀሙበት የነበሩት የኩምራን ሰዎች ከምድር ከጠፉ ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በኋላ ቁጥሩ በጣና ደሴቶች ይገለበጥ ነበር። ይህን የመሰለ ታማኝነት ከድንቁርና የመጣ ነው የሚል ካለ የኋለኞቹን ቅጂዎች ይመልከት። በየዘመኑ የተነሡ ሊቃውንት የሔኖክን ግእዝ አርመዋል፣ ያልጠራውን አጥርተዋል፤ ሊቃውንት ዛሬ የቆየውንና የታረመውን ቤተሰብ ለይተው ያወቁትም በዚህ ነው። መንካት የሚችል እጅ ነበራቸው። ምን እንደሚነካና ምን እንደማይነካ የለዩት እነሱ ናቸው።

በጥንቱና በአዲሱ ዘመን መዋሰኛ ላይ ደግሞ ዓለምን የዞረ አንድ ሥዕል አለ። በሮም የቅድስት ማርያም ታላቂቱ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ጥንታዊ የእመቤታችን ሥዕል ኢየሱሳውያን በ1569 ለመገልበጥ ፈቃድ አገኙና ግልባጩን በየሄዱበት ይዘውት ሄዱ። በ1580 በፋቴፑር ሲክሪ በሙጋሉ ንጉሥ በአክባር ፊት ደረሰ፤ ቤጂንግም ገባ፣ የቻይና ሠዓሊዎችም ገለበጡት፤ ከነዚህ በአንዱ ጥቅል ላይ ሕፃኑ ራሱ ቻይናዊ ሆኗል። ወደ ኢትዮጵያም መጣ። አጼ ሱስንዮስ በ1632 ሃይማኖቱን ለመመለስ ተገድደው ሥልጣናቸውን ሲለቁና አጼ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ሲያባርሩ፣ የነሱ የሆነ ሁሉ አብሮ ይወገዳል ተብሎ ቢጠበቅ ተገቢ ነበር። መጻሕፍታቸው ተቃጥለዋል። ሥዕሉ ግን ቀረ፤ መቅረት ብቻም ሳይሆን በጎንደር ዘመን የምስለ ፍቁር ወልዳ ዋና አሣሣል ሆነ። እጆቿን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። በሮሙ ሥዕል ቀኝ እጇ በግራው ላይ ተሻግሮ ሁለት ጣቶቿ ተዘርግተዋል፤ በግራ እጇ የታጠፈ መሐረብ ይዛለች። ይህ መሐረብ በሮምና በቢዛንጥያ የቤተ መንግሥት ሹማምንት የሚይዙት የማዕረግ ምልክት ነበር። የጎንደሩ ሠዓሊ የሮም ሹማምንትን አያውቃቸውም፤ መሐረቡንና ሁለቱን ጣቶች ግን አልጣላቸውም። ከመቶ ዓመት በኋላም በተሣሉ ሥዕሎች ላይ አሉ። የጨመረው ደግሞ የራሱ ነው፤ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፋቸውን መዝዘው በግራና በቀኝ አቆመ፣ ልብሷን ከባሕር ማዶ እንደሚመጣ ሐር በአበባ ሞላው፣ ከእግሯ ሥር ያሣለውን ሰው በግንባሩ ደፋው። በጣና ሐይቅ በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ በዚህ ሁኔታ የተደፉት እቴጌ ምንትዋብ ራሳቸው ናቸው። የካቶሊኮቹን ሥዕል የተቀበሉት ተሸንፈው ነው የሚለው ንባብ፣ አልተቀበሉትም ራሳቸው ናቸው የፈጠሩት ከሚለው ንባብ ጋር በአንድ ስሕተት ይገናኛል፤ ሁለቱም የሚጨነቁት ለባለቤትነቱ ነው። ሥዕሉ ራሱ የሚያሳየን ግን ሃይማኖቱን አባርሮ ምስሉን ያስቀረ፣ ያም ሆኖ የምስሉን እጅ ሳይነካ ዙሪያውን ሁሉ የለወጠ ፍርድ ነው። የተባረረውና የቀረው በተለያየ መዝገብ የተያዙ ነበሩ ማለት ነው።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው መቃወሚያ ቀላል አይደለም። ግልባጭ ያሳስታል፤ ታላላቆችንም አሳስቷል። ዮሐን ዊንከልማን በ1764 የጥንቱን ጥበብ ታሪክ ሲያሳትም የግሪክን ምድር ረግጦ አያውቅም ነበር፤ ያየው ሮም ያለውን ነው። የጥንት ጥበብ ከፍተኛው ጫፍ ብሎ ያወደሰው በቫቲካን ያለው የአፖሎ ሐውልት ዛሬ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው መቶ ዘመን በሮማውያን ዘመን የተጠረበ መሆኑ ታውቋል። የአንድን ሕዝብ ነፃነትና የአንድን ዘመን መንፈስ ከዚያ ድንጋይ አነበበ፤ ድንጋዩ ግን የሌላ ሕዝብና የሌላ ዘመን ነበር። ይህ ሐቅ ነው። ነገር ግን ዊንከልማንን ያሳሳተው ግልባጭ ማየቱ አይደለም፤ ግልባጭን እንደ ዋና ማየቱ ነው። አጠገቡ የቆመውን ጉቶ ዓይኑ አልፎታል። ትርፉን የሚያነብ ሰው በሁለት ዘመን መካከል የተዘረጋ ሥራ ፊት እንደቆመ ወዲያው ያውቃል፤ ያኔ ሮማውያን ከግሪክ ምን እንደፈለጉ መጠየቅ ይጀምራል። ይህም ለኔ ከግሪክ መንፈስ ያላነሰ ታሪክ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከዚህ ይከብዳል፤ የመጣውም ከራሳችን አገር ነው። በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉትን የወንጌል መጻሕፍት በሥዕላቸው ስልት የመረመሩ ሊቃውንት በ11ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ያደርጓቸው ነበር። የኦክስፎርድ ቤተ ሙከራ የብራናቸውን ካርቦን ሲለካ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ውስጥ ወደቁ። ይህን ልዩነት ያመጣው ራሱ ቆዳው ነው፤ ከእነሱ የተገለበጠ ሌላ ወንጌል ቢሆን ኖሮ የሚለካው የገልባጩ ፍየል ዕድሜ ብቻ ነበር። ስለዚህ ያ አንድ ነገር፣ ያ በእጅ የሚዳሰሰው፣ በሌላ የማይተካ ምስክርነት አለው፤ ይህን መካድ ሞኝነት ነው። ሆኖም የዚያ ቆዳ ምስክርነት ምን ላይ እንዳረፈ ልብ እንበል። በገሪማ ወንጌል መግቢያ በአምዶችና በቅስቶች ውስጥ የተደረደሩት ቁጥሮች በአራቱ ወንጌላት የሚመሳሰሉትን ክፍሎች የሚያሳዩ ሠንጠረዦች ናቸው፤ በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያዘጋጃቸው የቂሣርያው አውሳብዮስ ነው። የአውሳብዮስ የእጅ ጽሑፍ የለም። በዓለም ካሉት ያጌጡ የወንጌል መጻሕፍት ሁሉ በዕድሜ ከቀደምቶቹ የሚቆጠረው የገሪማ መጽሐፍ ራሱ ግልባጭ ነው፤ ጽሑፉ ከግሪክ ተተርጉሟል፣ ሠንጠረዡ ከቂሣርያ መጥቷል። ካርቦኑ የነገረን አንድ ግልባጭ መቼ እንደተሠራ ነው። ለዚህም ቢሆን ታላቅ ውለታ አለው፤ በሐረጉ ላይ አንድ ቋጠሮ በትክክለኛ ቦታው አኑሮልናል፣ በቋጠሮው በኩልም አክሱም ከምሥራቁ የሜዲትራኒያን ዓለም ጋር በምን ፍጥነት ትነጋገር እንደነበር አሳይቶናል።

መገልበጥ ፈጠራን ይገድላል የሚለውን ሦስተኛ መቃወሚያ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ደንዛዛ ግልባጭ ሞልቷል፤ ስፍር ቁጥር የሌላቸው የሮማ አደባባይ ሐውልቶችም ሆኑ በችኮላ የተጻፉ የዳዊት መጻሕፍት ከትዕዛዝና ከዋጋ በቀር ብዙ አይናገሩም። ግን ደንዛዛ አዲስ ሥራም ከዚያ አይተናነስም፤ በቁጥር ከተቆጠረ የማይረባው በሁለቱም ወገን ይበዛል። የጦር ተሸካሚውን ራስ ለብቻው ያስቀመጠው አፖሎኒዮስና ሰይፍ የመዘዙ መላእክትን ያቆመው ጎንደሬ የተሰጣቸውን ሳያፈርሱ የሚሉት ነበራቸው።

የሚቀረው የማጭበርበር ጉዳይ ነው። ሚኬላንጄሎ በወጣትነቱ የሠራው የተኛ ኩፒድ በ1496 የጥንት ሐውልት ነው ተብሎ ሮም ውስጥ ለአንድ ካርዲናል ተሽጧል። ይህ መገልበጥ አይባልም፤ ያኔም ማታለል ነበር፣ ዛሬም ማታለል ነው። ገልባጭ ሐረጉን ያሳያል፤ አታላይ ሐረጉን ይደብቃል። በዚያው አካባቢ በቬኒስ የሆነው ግን በሁለቱ መካከል አዲስ ነገር አስገባ። ማርካንቶኒዮ ራይሞንዲ የጀርመናዊው ሠዓሊ የአልብረሽት ዱረርን የእመቤታችን ሕይወት የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች በመዳብ ላይ ገለበጣቸው፤ ዱረር ስሙን የሚያሳጥርባቸውን ሁለት ፊደሎች ጭምር። የሠዓሊዎችን ታሪክ የጻፈው ቫሳሪ እንደሚተርከው ዱረር ቬኒስ ድረስ ሄዶ ቢከስስ ያገኘው ፍርድ ራይሞንዲ ፊደሎቹን እንዳያኖር ብቻ ነበር፤ ሥዕሎቹን መገልበጡን ማንም አልከለከለውም። ዱረር በዚህ አልረካም። በ1511 ያንኑ ሥራ በመጽሐፍ ሲያሳትም በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ የንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያንን ፈቃድ ጠቅሶ፣ ሥዕሎቹን የሚገለብጠውን ሁሉ አስጠነቀቀ። በብራና መጻሕፍታችን መጨረሻም ማስጠንቀቂያ አለ። ያጻፈው ሰው ስም፣ የጻፈው ሰው ስም፣ ከዚያም ግዝት፤ መጽሐፉን የሰረቀ፣ በግድ የወሰደ፣ የፋቀ በአባቶች ቃል የተወገዘ ይሁን። ግዝቱ ሁልጊዜ አይፈራም ነበር፤ የቀድሞው አጻፊ ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የተጻፈባቸው ብራናዎች ብዙ ናቸው። በዚያ የርግማን ዝርዝር ውስጥ ግን የገለበጠ የሚባል ሰው አይገባም፤ መጽሐፉን ተውሶ የሚገለብጠው ለነፍሱ የሚበጅ ሥራ እየሠራ ነው። ዱረር የፈራው መብዛቱን ነው፤ የእኛ ጸሐፊ የፈራው መታጣቱን ነው። ዘመንን በመቶ ዓመት ቁጥር የከፈልን እንደሆነ ዱረርና የአጼ ልብነ ድንግል ጸሐፍት በአንድ ክፍል ውስጥ ይገባሉ፤ ሥራቸውን ከማን እንደሚጠብቁት ባየን ጊዜ ግን በሁለት ዘመን ይቆማሉ፣ የጎንደሩም ሠዓሊ ከዱረር አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ዘግይቶ የሮሙን ሥዕል ሲገለብጥ ከአፖሎኒዮስና ከታንጉ ገልባጭ ጋር ነው።